ናፍጣ የማይጠጣው ሚኒባስ

ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእጄ ነክቼዋለሁ። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሁለት ጊዜ ጣቶቼን አሽትቻለሁ...

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ባለፈው ነሐሴ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቦታው ሀደራ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ እኔ የምሠራበት ሙሳኽ። እዚህ እስራኤል ጋራዥን ሙሳኽ ነው የምንለው።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ታቃጥላለች፣ ራዲዮው ተከፍቷል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። እንደማንኛውም ቀን።

ቀለሙ እባላለሁ። በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን ሲያመጡን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሥራዬ አንድ ነው፤ የናፍጣ መኪና። ሲያንቀው፣ ሲንተፋተፍ፣ መንገድ ላይ ሲጠፋ፣ እኔ ጋ ይመጣል።

ናፍጣ ውስጥ ያላየሁት ነገር የለም ብዬ አስብ ነበር። ውሃ አይቻለሁ። አሸዋ፣ ዝገት፣ የሞተ እንሽላሊት አይቻለሁ። እንደ ንፍጥ የሚሳብ አረንጓዴ ነገር በእጄ ጠርጌ አውጥቻለሁ።

እንዲህ ያለውን ግን... አላየሁም።

ጋሼ ክንፈ ሚኒባሳቸውን እየነዱ መጡ። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ገፍተን አስገባነው።

ጋሼ ክንፈን በሰፈራችን፣ ቤት ኤሊዔዘር ውስጥ፣ የማያውቃቸው የለም። የእናቴ ጎረቤት ናቸው። በየማለዳው የሰፈራችንን ሴቶች ሰብስበው ሥራ ያደርሳሉ፤ ከሰዓት ይመልሳሉ። ግዙፍ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ሁለት ሁለታችንን በአንድ ክንዳቸው ያነሱን ነበር።

ከሚኒባሱ ሲወርዱ አላወቅኋቸውም።

ሱሪያቸው በገመድ ታስሯል። የአንገታቸው ቆዳ ተንጠልጥሏል። ጉንጫቸው ከመጉደጉዱ የተነሳ ጥርሳቸው ከውጭ ይቆጠራል።

ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ተከትለው ወረዱ። እጃቸው ላይ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ዳቦ አለ።

"ጋሼ ክንፈ... ታመው ነበር እንዴ?"

"አልታመምኩም። መኪናውን እይልኝ።"

"ምን ይሆናል?"

"ዳገት ላይ ያንቀዋል። ስረግጠው ይንተፋተፋል። ትናንት አሥራ ሦስት ሴት ጭኜ አውራ ጎዳናው መሃል ቀጥ አለብኝ። ከኋላችን የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። ለጥቂት ነው የተረፍነው።"

ይህን እያሉ ከፌስታሉ ዳቦ አውጥተው ነከሱ። ሳይውጡ እንደገና ነከሱ።

እኔ የነዳጅ ችግር ስፈልግ ከቀላሉ ነው የምጀምረው። መመርመሪያ ኮምፒውተሩን ሰካሁ። የናፍጣው ግፊት ወርዷል አለኝ። ግፊት ወረደ ማለት ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ይገባል።

ፊልትሮው ይቀላል። ፈታሁት።

ናፍጣ አልፈሰሰም።

በናፍጣ ፈንታ አንድ ግራጫ ነገር፣ ሊጥ የመሰለ፣ ዝግ ብሎ መዳፌ ላይ ወረደ። ሞቅ ያለ ነው። ሞተሩ አሙቆት ነው አልኩ ለራሴ። በአውራ ጣቴ ሳሸው ክር እየሠራ ተሳበ። እንደ ምራቅ...

አሸተትኩት።

አፍ አፍ ሸተተኝ። ጠዋት ያልተጉመጠመጠ የሰው አፍ።

እጄን አራገፍኩ። አልለቅ አለኝ። በጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ላይም ተሳበ።

የሙሳኹ ባለቤት አቪቻይ ይባላል። እዚሁ ሀደራ የተወለደ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ልቡ ደህና የሆነ ሰው ነው። መጥቶ ከኋላዬ በትከሻዬ አሻግሮ አየ።

"ማ ዜ?" አለኝ በዕብራይስጥ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።

"እኔ እንጃ።"

በካቻቢት ጫፍ ነካካው። ከሊጡ ውስጥ አንድ ነጭ ፍሬ ብቅ አለ። ሰሊጥ። ከዚያ ሌላ ሰሊጥ። ከዚያ ደግሞ የዳቦ ቅርፊት... የጥርስ ምልክት ያለበት።

"ታንከሩ ውስጥ ምግብ ጨምረውባቸዋል" አለ አቪቻይ። "ጠላት አላቸው?"

"የታንከሩ ክዳን በቁልፍ ነው። ቁልፉ ደግሞ ከእሳቸው እጅ አይወጣም።"

ዘወር ስል ጋሼ ክንፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ፌስታሉ ተጋምሷል። ዳቦው ላይ ሰሊጥ አለ።

አየሁት... ግን ምንም አላሰብኩም። በዚህ አገር ዳቦ ላይ ሰሊጥ ምን ይገርማል?

መስመሩን ሁሉ በአየር ነፋሁት። የወጣውን ነገር ባልዲ ውስጥ ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በላዩ አቧራ ደፋሁበት። አዲስ ፊልትሮ ገጠምኩ። ጋሼ ክንፈ ቁልፉን አዞሩት።

ተነሣ።

ሞተር ያገሳል እንላለን መቼም። ያን ቀን ግን እውነትም አገሳ። ብዙ በልቶ የጠገበ ሰው እንደሚያገሳው። ከጭስ ማውጫው የወጣው አየር ፊቴን መታኝና ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

"ጋሼ፣ ናፍጣ የቀዱት መቼ ነው? ከየት?"

"ጌጁ ሙሉ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"ሙሉ ነው አልኩህ እኮ!"

እትዬ ደብሬ አዩኝ። ከዚያ ፌስታሉን አቅፈው የባላቸውን ክንድ ሳቡ። ወደ ሚኒባሱ ገብተው ሄዱ።

ያን ቀን ስንቴ እጄን እንደታጠብኩ አልቆጠርኩም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ኒሊ "ምን ነካህ፣ ቆዳህን ልትልጠው ነው?" አለችኝ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሱ።

ያው ነው። ያንቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ትናንት የቀየርኩት አዲስ ፊልትሮ ዛሬ በዚያው ሊጥ ጢም ብሏል። የዛሬው አረንጓዴ አለበት። የተላመጠ ኪያር... ዘሩ ሳይቀር።

አሁን አየር ይግባ አይግባ ማየት ነበረብኝ። ለዚህ አንድ ዘዴ አለን። ከታንከሩ ወደ ፊልትሮው የሚመጣውን ጥቁር ቱቦ ትፈታለህ። በእሱ ፈንታ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ትገጥማለህ። ሞተሩን ታስነሣለህ። ዓረፋ ካለፈ አየር አለ። ካላለፈ ችግሩ ሌላ ነው።

ቱቦውን ገጠምኩ። አቪቻይ አስነሣ። አጎንብሼ ማየት ጀመርኩ።

"ቀለሙ..."

ጋሼ ክንፈ ናቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

"የሚበላ... የሚበላ ነገር አለህ?"

በሕይወታቸው ሰው ለምነው የሚያውቁ አይመስለኝም። ምሳዬን ሰጠኋቸው። ኒሊ የሠራችው ሩዝና ቀይ ስር ነው። ሳህኑን ከእጄ ሲቀበሉ ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ። በዚያ ሙቀት።

ተመልሼ ቱቦው ላይ አጎነበስኩ።

መጀመሪያ ቀጭን ነገር መጣ። ውሃ የመሰለ፣ ዓረፋ ዓረፋ ያለው። አየር ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር... ዓረፋው ግን እንደ ምራቅ ተያይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ነጭ መጣ። ጥርስ የነካው፣ የላላ ነጭ።

ሩዝ።

ከዚያ ቀይ።

ቀና አልኩ። ጋሼ ክንፈ ቀይ ስር ጎርሰዋል። ያላምጣሉ። ጉሮሯቸው ወጣ፣ ወረደ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ቱቦው ውስጥ አንድ ጉርሻ ቀይ ነገር አለፈ።

እንደገና ጎረሱ። ዋጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አለፈ።

ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

"ጋሼ... እስቲ ይቆዩ። አይዋጡ።"

አፋቸው እንደሞላ ቆሙ። ቱቦው ባዶውን ቀረ። ሞተሩ ሳል ያዘው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሊጠፋ ሆነ።

"አሁን ይዋጡ።"

ዋጡ።

መጣ። ሞተሩም ተስተካከለ።

አቪቻይ ከበላዬ ቆሞ ነበር። አይቷል። ሄዶ ራዲዮውን ዘጋው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

በጸጥታው ውስጥ የሚሰማው የጋሼ ክንፈ ማላመጥ ብቻ ነበር። ማቆም አልቻሉም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ያላምጣሉ።

እትዬ ደብሬ እጄን ይዘው ከሚኒባሱ ኋላ ወሰዱኝ።

"አየኸው?" አሉ በሹክሹክታ።

"እትዬ... ያውቁ ነበር?"

"ምን አውቃለሁ! ድስት ሙሉ ይበላል። ድስቱ ሳይነሣ ራበኝ ይላል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሆዱ ባዶ ነው አሉኝ። ባዶ! ፊታቸው ተቀምጦ እየበላ!"

"ስንት ኪሎ ቀነሱ?"

"ሃያ ሰባት።"

"ናፍጣውስ? ከየት ነው የሚቀዱት?"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ከሰኔ ወዲህ አልቀዳም። አንድ ጠብታ።"

ከሰኔ ወዲህ። ሁለት ወር። በየቀኑ አሥራ ሦስት ሴት ጭኖ የሚመላለስ መኪና።

ጋሼ ክንፈ ሁሉንም ሰምተዋል። ባዶ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይኔን ሳያዩ ነገሩኝ።

በሰኔ አንድ ቀን ናፍጣ ያለቀበት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አገኙ። ሊረዱት ፈለጉ። ቱቦ ወደ ራሳቸው ታንከር ከተቱና በአፋቸው ሳቡ። ሁላችንም አድርገነዋል። ናፍጣው አፍህ ሲደርስ ትተፋዋለህ፣ ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ ትመልሰዋለህ።

"የመጣው ግን ናፍጣ አልነበረም" አሉ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ለስላሳ ነው። እንደ ጥሬ ጉበት። ልተፋው ስል... ራሱ ወረደ።"

"ራሱ?"

"ራሱ። ረጅም ነው፣ ቀለሙ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። መተንፈስ አቃተኝ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሚስታቸው እንዳይሰሙ።

"ጣፋጭ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው የራባቸው።

ያን ዕለት ወደ ቤታቸው አልነዱም። ሚኒባሱን እኛ ጋ ትተው በታክሲ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ታንከሩን እናወርደዋለን ተባባልን። ሌላ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ታንከር ከቆሸሸ አውርዶ ማጠብ ነው ሥራችን።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት።

አቪቻይ ትልቁን በር ዘጋ። ሌላ ደንበኛ እንዳይገባ። ጋሼ ክንፈ ወንበሩ ላይ፣ እትዬ ደብሬ አጠገባቸው ቆመው። ሚኒባሱን በማንሻው ከፍ አደረግነው። እኔ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ፣ አቪቻይ ከሥር ደገፈ።

ሙሉ ታንከር ስታወርድ ውስጡ ያለው ናፍጣ ይንቦጫቦጫል። ክብደቱ ወዲህ ወዲያ ይስብሃል።

ይህኛው አልተንቦጫቦጨም።

ከባድ ነው፤ ግን እንደተኛ ሰው ነው የከበደው። ፕላስቲኩ ደግሞ ሞቃት። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና ነው... ሞቃት። ክንዴን አስጠግቼ ስይዘው የነፍሰ ጡር ሆድ ያቀፍኩ መሰለኝ።

ወለሉ ላይ አሳረፍነው። ፓምፑን ነቅለን አቪቻይ በቀዳዳው መብራት አበራ።

ጠረኑ መጀመሪያ መጣ። አፍ። የመቶ ሰው አፍ።

ናፍጣ የለም። አንድ ጠብታ የለም። እስከ ግማሹ የተላመጠ ምግብ ነው። ሩዙ ይታየኛል። ቀዩ ይታየኛል። እና ዝግ ብሎ... ማንም ሳይነካው... ይዞራል። ጥቁር ፕላስቲክ መሆን የነበረበት ግድግዳ እርጥብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ እጥፋት እጥፋት አለው።

አንዱ እጥፋት ተኮማተረ። ተመልሶ ተዘረጋ።

አቪቻይ መብራቱን ጣለው።

"እናጥበዋለን" አለ። ድምፁ ተቀይሯል። "እናጥበውና ያልቃል። ያአላ፣ እንጀምር።"

የቅባት ማጠቢያውን ጀሪካን አመጣ። "ቆይ" ብዬ ሳልጨርስ አንድ ኩባያ የሚሆን ጨመረበት።

ጋሼ ክንፈ ጮኹ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከወንበሩ ወደቁ። ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተጠቀለሉ። ከአፋቸው ነጭ ዓረፋ ወጣ። የሳሙና ዓረፋ... ያው የማጠቢያው የሎሚ ሽታ ያለው።

"ገደላችሁት!" አሉ እትዬ ደብሬ። "ባሌን ገደላችሁት!"

ውሃ! አልኩ። በባልዲ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ደፋሁ። ሌላ ባልዲ። ሌላ። ጋሼ ክንፈ ውሃውን በአፋቸው መለሱት። ንጹሑን ውሃ፣ ሦስቱንም ባልዲ፣ ወለሉ ላይ። ከዚያ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

አቪቻይ ስልኩን አወጣ።

"አምቡላንስ ልጥራ" አለ።

"ምን ብለህ ትጠራለህ?" አሉት ጋሼ ክንፈ ከወለሉ ላይ ሆነው።

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

እትዬ ደብሬ የባላቸውን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አደረጉ። ታንከሩ አልፎ አልፎ ጉርር ይላል። የጋሼ ክንፈ ሆድ ግን ዝም ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጫለሁ... ዝም ነው።

"ቀለሙ" አሉኝ በመጨረሻ። "ያን ቱቦ አምጣልኝ።"

"የትኛውን?"

"የሚታየውን። በቱቦ ነው የወሰድኩት። በቱቦ እመልሰዋለሁ።"

"ጋሼ... ባይሆን..."

"ልጄ፣ በረሃብ ልሞት ነው። ስጠኝ።"

አጠብኩት። ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አላውቅም፣ ግን በሳሙና አጠብኩት። አንዱን ጫፍ ታንከሩ ውስጥ ከተትኩ። ሌላውን በእጃቸው ሰጠኋቸው።

አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ይነፋሉ ብዬ ነበር። አልነፉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጉሮሯቸውን ለቀቁት፤ ሐኪም አፍህን ክፈት ሲልህ እንደምታደርገው።

ምንም አልሆነም።

ከዚያ አንገታቸው አበጠ።

ከውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ። በቆዳቸው ላይ ይታያል። ቱቦውን ያዝኩላቸው። እትዬ ደብሬ ግንባራቸውን ያዙ። ከንፈራቸውን አለፈና ቱቦው ውስጥ ገባ።

ጥቁር ቀይ ነው። የሚያብለጨልጭ። አውራ ጣት ያክላል። ጫፉ ቀጠን ያለ ነው፣ ቱቦውን እየዳበሰ ይሄዳል። ማንም አይገፋውም። ራሱ ነው የሚሳበው... እየተጨማደደ፣ እየተዘረጋ፣ እየተጨማደደ።

አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ። አምስት ክንድ...

አያልቅም።

አቪቻይ ጎማዎቹ መሃል ሄዶ አስመለሰ። እኔ ማስመለስም አልቻልኩም፤ እጆቼ ቱቦውን ይዘዋል። በላስቲኩ ውስጥ ሙቀቱ ይሰማኛል። ከመዳፌ በታች ሲያልፍ ትንንሽ ነገሮች ይቆጠቁጡኛል። ምን እንደሆኑ ለማየት አልፈለግሁም።

ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት አይቻለሁ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጋሼ ክንፈ በአፍንጫቸው ብቻ ተነፈሱ።

መጨረሻው ሲወጣ ድምፅ ነበረው። ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሰማው፣ ግን እርጥብ።

ወደ ታንከሩ ወረደ። ቱቦውን መንጭቄ አወጣሁ። አቪቻይ ሮጦ መጣና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፈንን። ክዳኑን አጠበቅን። በላዩ ላይ በሽቦ አሰርነው። እጃችን እስኪደማ ድረስ አጠበቅነው።

ጋሼ ክንፈ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አፋቸው ዙሪያ ቆስሏል። እትዬ ደብሬ ከፌስታላቸው አንድ ዳቦ አውጥተው በእጃቸው አስያዟቸው።

ቀስ ብለው ቆረሱ። አላመጡ። ዋጡ። ሁላችንም ጉሮሯቸውን እናያለን።

ግማሹ ላይ ሲደርሱ ዳቦውን አስቀመጡት።

"ጠገብኩ" አሉ።

እትዬ ደብሬ እዚያው ዘይት ላይ ተንበርክከው እጃቸውን ሳሙት።

ጋሼ ክንፈ ዛሬ ደህና ናቸው። ይህን የምነግራችሁ እንዳትጨነቁ ነው። አንድ ሳህን ይበላሉ፣ ይጠግባሉ፣ ይተኛሉ። የወረደው ሥጋቸው ሁሉ ባይመለስም፣ ገመዱን ጥለው ቀበቶ አስረዋል። መኪና ግን አይነዱም። በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት። ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ሌላ ወገን ያዞራሉ። ሚኒባሱን በታትኖ ለሚሸጥ ሰው ሰጡት፣ ያለ ታንከር።

ታንከሩን ግን...

የቆሻሻ ዘይት የሚወስደው መኪና እኛ ጋ የሚመጣው እሑድ ጠዋት ነው። ያን ዕለት ደግሞ ገና ሐሙስ ነበር። ከሙሳኹ ኋላ፣ ከግንቡ ሥር፣ አሮጌ ጎማ የምንከምርበት ጠባብ ቦታ አለ። ሁለታችን ተሸክመን እዚያ አስቀመጥነው። በላዩ ሸራ አለበስነው። በሸራው ላይ አራት የጭነት መኪና ጎማ ጫንን።

ዓርብና ቅዳሜ ምግብ አልበላሁም። ኒሊ ሳህን ስታስቀምጥልኝ ከጠረጴዛው እነሣለሁ። ሰው ሲያላምጥ ማየት አልቻልኩም። የገዛ ልጄ ሻሮን ሐብሐብ ስትበላ በረንዳ ወጥቼ ቆምኩ።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሙሳኹን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አቪቻይ ገና አልደረሰም። ፀሐይ ወጥታለች። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ የቆሻሻ መኪናው ሹፌር መልእክት አለ፣ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል።

በኋላ በር ወጣሁ።

ጎማዎቹ ተንሸራተው ወድቀዋል። ሸራው ወደ ጎን ተገልጧል። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ክዳኑ አልተከፈተም።

ታንከሩ በጎኑ ተኝቷል።

ድመቶች ተደርድረውበታል። የሰፈሩ ድመቶች፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ይሆናሉ። ጆሮው የተቆረጠው፣ ጅራት የሌላት፣ ሁልጊዜ ከሌላው ጋር የሚናከሰው ትልቁ ቢጫ። በአንድ ረድፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተጋድመዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። በፊት እግሮቻቸው ፕላስቲኩን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ ያደርጋሉ... ግልገሎች የእናታቸውን ሆድ እንደሚያደርጉት።

አፋቸው ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፏል። ጉሮሯቸው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሆዳቸው መሬት እስኪነካ ተነፍቷል።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።

አንዷ ግራጫ ብቻ አፏን ነቅላ ዞር አለችና አየችኝ። ጢሟ ላይ ነጭና ወፍራም ነገር ተንጠልጥሏል። በምላሷ ዞር አድርጋ ላሰችው። ከዚያ ቦታዋን ልትይዝ ተመለሰች፤ ሌሎቹ ግን ተጠጋግተው ቦታ አልነበራትም።

ታንከሩ ያኔ ዝግ ብሎ ተነፈሰ... እንዲመቻትም ጎኑን አዞረላት።